የኤሌክትሪክ መኪና ዳገት ይወጣልን?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እየበዛ መጥቷል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ገና ሙሉ እምነት አላሳደረበትም። በማሠልጠኛችን ያሉ ዕጩ መምህራን ሳይቀሩ «ኮረንቲ የሚበላ መኪና የእኛን ዳገት ይችለዋልን?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከክፍል ትምህርታችን ተነሥተን እንመልከተው።

ለመሆኑ የሁለቱ ሞተሮች ልዩነት ምንድን ነው? የቤንዚን ሞተር ነዳጅን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል ይሠራል። ከነዳጁ ኃይል ውስጥ መኪናውን ለማንቀሳቀስ የሚውለው አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው በራዲያተሩና በማርሚታው በኩል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከባትሪው ከሚቀበለው ኃይል ከአምስት እጅ አራቱን እጅ ያህል ጎማ ለማሽከርከር ያውለዋል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር እፍግታው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለሆነም ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በቂ አየር ስለማያገኝ ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን የሚያቃጥለው ነገር ስለሌለ የአየሩ መሳሳት አያደክመውም። እርግጥ ነው፣ ዳገት ሲወጣ ባትሪው ቶሎ ይጎድላል። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርድበት ጊዜ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ፣ ፍሬን በማጋል ይባክን ከነበረው ኃይል ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል።

ስለ ጭሱስ? 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ክብደቱ 1 ኪሎ ከማይሞላ ነዳጅ ይህን ያህል የሚገኘው፣ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአየር ሁለት የኦክስጅን አቶሞችን ስለሚወስድ ነው። «ጭሱ ከመንገድ ወደ ኃይል ማመንጫው ተዛወረ እንጂ አልቀረም» የሚሉ አሉ። ኮረንቲው ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት አገር ይህ በከፊል እውነት ነው። በአገራችን ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኮረንቲ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቤንዚንና ናፍጣ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው።

ችግሮቹን መሸሸግ አይገባም። ከዋና ከተማው ውጭ ባትሪ የሚሞላባቸው ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፤ መብራትም ይጠፋል። በካንዴላና በካምቢዮ የሠለጠነ መካኒክ፣ ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ የሆነውን ባትሪ ያለ ትምህርት ቢነካካ ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ከዚህም በላይ አብዛኛው ሕዝባችን የግል መኪና የለውም። ስለሆነም ጥቅሙ ለሁሉ እንዲዳረስ አውቶቡሱና ታክሲው መቅደም ይኖርባቸዋል።

ታዲያ ትምህርት ቤት ምን ሊያደርግ ይችላል? መምህሩ የሚከተለውን ስሌት ለተማሪዎቹ ይስጥ። አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ኮረንቲ፣ ተመጣጣኙ የቤንዚን መኪና ደግሞ 8 ሊትር ይፈጃሉ እንበል። ተማሪዎቹ የኮረንቲውን ዋጋ ከቤታቸው የመብራት ደረሰኝ፣ የቤንዚኑን ከአካባቢያቸው ማደያ ጠይቀው ያነጻጽሩ፤ ውጤቱንም ለወላጆቻቸውና ለሰፈር ሹፌሮች ያስረዱ። የሙያ መምህራን በበኩላቸው ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ጥንቃቄ ለአካባቢው የጋራዥ ሠራተኞች ትምህርት ቢሰጡ አደጋን ይከላከላሉ።

እንግዲህ መኪናው ዳገቱን ይወጣል። ባትሪ የሚሞላበትን ቦታና የሚጠግነውን ባለሙያ ማዘጋጀት ግን የእኛ የሁላችን ሥራ ነው እንላለን።