ከወለምታ በኋላ ስለሚደርስ የጭን ጡንቻ ድካም

ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት ሦስት ወይም አራት ሳምንት እቤቱ የሰነበተ ሰው፣ እብጠቱ ጎድሎ ሕመሙም ጋብ ብሎለት ሳለ፣ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቁልቁለት ሲያጋጥመው የሰው ትከሻ ይፈልጋል፤ ከዝቅተኛ በርጩማ ለመነሣትም በእጁ ይደገፋል። በዚህ ጊዜ «ወለምታው ገና አልዳነም» ብሎ ይወስንና እንደገና ይተኛል፤ ወይም ቁርጭምጭሚቱን ለማሳሸት ወደ ወጌሻ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ግን የቀረው ጉዳት ያለው ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ብቻ አይደለም። ከጉልበት በላይ ያለው የጭን ጡንቻ ሳይመታና ሳያብጥ፣ ሥራ በመፍታት ብቻ ደክሟል። በዚህ ወር ስለዚሁ ነገር ልናስረዳ ወደናል።

ወለምታ ማለት አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙት ጅማቶች ከልክ በላይ ሲለጠጡ ወይም ሲበጠሱ የሚደርስ ጉዳት ነው። በቁርጭምጭሚት ላይ በብዛት የሚደርሰው መርገጫው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ስለሆነ፣ የሚጎዱት በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ናቸው። ቀላሉ በጥቂት ሳምንታት ይሻላል፤ ብርቱው ወራት ሊወስድ ይችላል።

በጭን ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ አራት ራሶች አሉት። አራቱም ወደ ታች ተሰብስበው በጉልበት ሎሚ ላይ ይያያዛሉ፤ ከዚያም በጠንካራ ጅማት አማካይነት ከቅልጥም አጥንት ጋር ይገናኛሉ። ሥራቸው ጉልበትን መዘርጋት ነው። ከወንበር ስንነሣ ሰውነታችንን ወደ ላይ የሚያነሣን፣ ቁልቁለት ስንወርድም እንዳንደፋ ይዞ ቀስ አድርጎ የሚያወርደን ይኸው ጡንቻ ነው። ወለምታ ያገኘው ሰው ግን መሬት ሲረግጥ ያመዋልና ክብደቱን ሁሉ በደኅናው እግር ላይ ይጥላል፤ ምርኩዝ ይይዛል፤ ጉልበቱን ሳያጥፍ እያነከሰ እግሩን ይጎትታል። ጭኑም ምንም ሳይነካው ከሥራ ይወጣል።

ጡንቻ እንደ ድንጋይ ግንብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር ነገር አይደለም። በየቀኑ ጥቂቱ ይፈርሳል፤ ጥቂቱም ከምንበላው ምግብ እንደገና ይሠራል። ሥራ ሲኖርበት ሁለቱ ይመጣጠናሉ፤ ሥራ ሲያጣ ግን መሠራቱ ስለሚቀንስ መፍረሱ ያይላል። ይህ የሚጀምረው ከወራት በኋላ ሳይሆን በጥቂት ቀኖች ውስጥ ነው። ጤነኞች የሆኑ ወጣት ወንዶች አንድ እግራቸው በጀሶ ታስሮ በተደረገ ጥናት፣ በ5 ቀን ውስጥ የጭናቸው ጡንቻ ውፍረት ከመቶ 3 ተኩል እጅ ያህል፣ ኃይሉ ግን ከመቶ 9 እጅ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። በ14 ቀን ውፍረቱ ከመቶ 8 እጅ፣ ኃይሉም ከመቶ 23 እጅ ያህል ጎደለ። እነዚህ ሰዎች ምንም ሕመም ያልነበረባቸው መሆናቸው ልብ ይባል። ጉልበቱ ያልታሰረ ሰው በዚህ መጠን ላይጎዳ ይችላል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ግን ከመጀመሪያውም የነበረው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ትንሹም ጉድለት ለመውደቅ ያደርሰዋል።

ኃይሉ ከውፍረቱ ቀድሞ የሚጎድልበት ምክንያት፣ ጡንቻውን የሚያዝዘው ነርቭም አብሮ ስለሚሰንፍ ነው። ስለዚህ ጭኑ ለዓይን ያልከሳ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ መደምደም አይገባውም። ለማወቅ የሚፈልግ በልብስ ሰፊ ሜትር ሊለካ ይችላል፤ እግሩን ዘርግቶ ከጉልበት ሎሚ የላይኛው ጠርዝ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ምልክት ያድርግና የሁለቱንም ጭን ዙሪያ ያመዛዝን። ነገር ግን የሁለት እግር ውፍረት በጤናም ጊዜ ጥቂት ሊለያይ ይችላል፤ ስብም የጡንቻን መክሳት ይሸፍናል። ከሜትሩ ይልቅ እምነት የሚጣልበት ወንበር ነው፤ ይህንንም ወደ ኋላ እንገልጸዋለን።

የደከመን ጡንቻ ስለ መመለስ ብዙ ያስተማረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በቺካጎ በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የሠራው አሜሪካዊ ሐኪም ቶማስ ዴሎርም ነው። ጉልበታቸውና ጭናቸው ተጎድቶ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የተኙ ወታደሮችን፣ ቀላል እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ በመደጋገም ፈንታ፣ ክብደት እያነሡ ጉልበታቸውን እንዲዘረጉ፣ ክብደቱንም በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እንዲጨምሩ አደረገ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። ዛሬም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ሸክሙ ካልጨመረ ኃይል አይጨምርም።

እንግዲህ ሕመምተኛው ቁርጭምጭሚቱን እያሳረፈ ጭኑን ማሠራት ይችላል፤ ሐኪም ካልከለከለው በቀር ከመጀመሪያዎቹ ቀኖች ይጀምር። በምንጣፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና የጉልበቱን ጀርባ ወደ ምንጣፉ በመጫን የጭኑን ጡንቻ ያጠንክር፤ 5 ሰኮንድ ይዞ ይልቀቅ። ይህን 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ዙር ይሥራ። ቀጥሎም በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን አንድ ክንድ ያህል ያንሣ። መርገጥ ሲቻለው ከወንበር መነሣትና መቀመጥን፣ መጀመሪያ በእጁ እየተደገፈ በኋላም ሳይደገፍ፣ ይለማመድ፤ ከዚያ ወደ ደረጃ ይሻገር። ሲሠራ ጡንቻው ሊዝል ይገባዋል፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን በማግሥቱ ቢያብጥበት ከልክ አልፏልና ይቀንስ። የጠፋው ኃይል በጠፋበት ፍጥነት አይመለስም። የሁለት ሳምንት ዕረፍት ያመጣውን ድካም ለማስወገድ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋል።

ለበሽተኛ ገንፎና ቅቤ ማብላት የቆየ ልማዳችን ነው፤ አንነቅፈውም። ጡንቻን ለመሥራት የሚያስፈልገው ግን በእንቁላል፣ በወተትና በሥጋ፣ በጾም ወራትም በምስር፣ በሽሮና በባቄላ የሚገኘው ምግብ ነው።

ስለ ማሸት የምንለው አጭር ነው። ሌላ ሰው ሲያሸው የሚጠነክር ጡንቻ የለም፤ የሚጠነክረው ባለቤቱ ራሱ ሲያሠራው ነው። አዲስ ወለምታን በኃይል ማሸትና መጎተት ደግሞ አደገኛ ነው፤ አጥንት ተሰብሮ እንደ ሆነ ጉዳቱን ያባብሳልና። በካናዳ በኦታዋ ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት መመሪያ እንደሚለው፣ በቁርጭምጭሚቱ አካባቢ የሚያመውና ከጉዳቱ በኋላም ሆነ በምርመራው ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ በውጭም ሆነ በውስጥ በኩል ያለው ጉብ ያለ አጥንት በኋላ ጠርዙ ወይም በጫፉ ሲጫኑት የሚያመው ሰው ራጅ መነሣት አለበት። እንዲሁም በዕረፍት ላይ ያለ ሰው የአንድ እግሩ ባት አብጦ ቢሞቅና ቢያመው፣ ደም በሥር ውስጥ ረግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያሽ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ትንፋሽ ቢያጥረው ወይም ደረቱን ቢወጋው ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይ።

መምህራን ወለም ያለውን ተማሪ ከስፖርት ትምህርት ፈጽሞ ያስቀሩታል፤ ልጁም በሜዳው ዳር ተቀምጦ ጓደኞቹን ሲመለከት ይከርማል። በዚያው ሰዓት ከላይ የገለጽነውን የጭን ልምምድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ወደ እግር ኳስ ለመመለስ ሲጠይቅም «አያመኝም» ማለቱ አይበቃም። በመጀመሪያ በጥሩ እግሩ ብቻ፣ እጁን በደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ከወንበር ስንት ጊዜ ሊነሣ እንደሚችል ይቆጠር፤ በኋላ በተጎዳው እግሩ ይደገም። ጥሩው 10 ጊዜ ቢነሣና የተጎዳው በ5ኛው ቢንቀጠቀጥ ያ ልጅ ለጨዋታ አልደረሰም። ቁጥሩ ተቀራራቢ ሲሆን፣ በተጎዳው እግሩም ላይ ብቻውን ሳይወላገድ መቆም ሲችል፣ መጀመሪያ በቀጥታ እንዲሮጥ፣ ከቀኖች በኋላም እየተጠማዘዘ እንዲሮጥ ይፈቀድለት።