አልጋው ይቅደም ወይስ ቲኬቱ?

አንባቢ ሆይ! ጉዞ ሻንጣ ከመሸከፍ በፊት የሚጀመር ሥራ ነው፤ ይኸውም ገንዘብንና ቀንን ማስታረቅ ነው። ደመወዙ በወር አንድ ጊዜ ለሚደርሰውና የዕረፍት ፈቃዱ በቀን ለሚቆጠር ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ እንዲሁም ከኪስ ገንዘቡ ጥቂት በጥቂት ላጠራቀመ ተማሪ፣ ያለ ሐሳብ የተደረገ አንድ ክፍያ የመንገዱን ደስታ ብቻ ሳይሆን የመጪውን ወር ኑሮም ያናጋበታል። ስለዚህ «አስቀድሞ የሚያዘው የአይሮፕላኑ ቲኬት ነው ወይስ የማረፊያው አልጋ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ተራ ጨዋታ የሚታለፍ አይደለም።

አንዱ «ሳልደርስ ማን ያሳድረኛል?» ይልና ወደ ቲኬት ቢሮ ይሮጣል። ሌላው «ደርሼስ ሜዳ ላይ ልደር ነውን?» ይልና አልጋ ፍለጋ ስልክ ይደውላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ነገሩን በደፈናው ከመከራከር ይልቅ በአንድ የታወቀ አገር ላይ እንመርምረው። ለዚህ ከሐረር የተሻለ አናገኝም።

ሐረር የራሷ የአይሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአዲስ አበባ በአየር የሚነሣ ሰው አንድ ሰዓት ያህል በርሮ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ከዚያም በመኪና የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በሚያልፍ መንገድ ሐረር ይገባል። የምድር ባቡሩም ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ እ. ኤ. አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪና ድካም የሚጠይቅ በመሆኑ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በቆላው አለፈ። እ. ኤ. አ. በ2018 ለመንገደኛ አገልግሎት መስጠት የጀመረው አዲሱ ባቡርም መንገደኛውን የሚያወርደው በድሬዳዋ በኩል ነው። ከዚህ ሌላ ከአዲስ አበባ በማለዳ የሚነሣ አውቶቡስ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በአንድ ቀን ይጨርሳል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። አይሮፕላን ቢታጣ ምትክ አለው። ቀኑን በመንገድ ላይ መዋል ግድ ቢሆንም፣ ሰውየው ካሰበበት ይደርሳል። የአልጋውን ምትክ ግን ጊዜው ይወስነዋል።

በመጀመሪያ ተራውን ጊዜ እንመልከት። በዓል በሌለበት ወር በሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭም ሆነ ውስጥ ማረፊያ ማግኘት አያስቸግርም። በአንጻሩ የአይሮፕላን ዋጋ የመነሻው ቀን በቀረበ ቁጥር መጨመሩ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ቲኬቱ ይቅደም፤ አልጋው በማግስቱ ቢያዝ ጉዳት የለውም። ብቻ በጀጎል ውስጥ ባለ በአንድ የሐረሪ ቤት ለማደር የሚመኙ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። አምስቱ መደብ በምንጣፍ ያጌጠ፣ ግድግዳው በስፌትና በሳሕን ያሸበረቀ የጥንት ቤት እንግዳ መቀበያ ሲሆን፣ ያሉት ክፍሎች ጥቂት ናቸው። ከተማው እ. ኤ. አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። ጥቂቱን ነገር አስቀድሞ መያዝ ብልኅነት ነው።

ሁለተኛው ጊዜ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ቁልቢ ከድሬዳዋም ከሐረርም ከስድሳ እስከ ሰባ ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። ታኅሣሥ 19 ቀን ሲቃረብ ስለት ያለበት ሁሉ ከየአገሩ ይጎርፋል፤ አልጋ ያላገኘውም በደጋው ብርድ በድንኳንና በሜዳ ያድራል። አንድ ወጣት ጸሐፊ ለእናቱ ጤና የተሳለውን ለማግባት አሮጊቲቱን ይዞ ይነሣል እንበል። እርሱ ራሱ ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ቢያድር ይችለዋል፤ እናቱ ግን አይችሉም። እንግዲህ ለዚህ ሰው አልጋው ይቀድማል። የአይሮፕላን ወንበር ቢጠፋ እናቱን በአውቶቡስ ቀስ አድርጎ ሊያደርስ ይችላል፤ በንግሡ ዋዜማ አልጋ ቢጠፋ ግን ሌላ መላ የለውም።

በዚህ ላይ የቀኑ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጆች ቀን ነው። ታኅሣሥ 19 ብዙውን ጊዜ ዲሴምበር 28 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ዲሴምበር 29 ይሆናል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። በቲኬቱ ላይ 07፡00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንጂ 7 ሰዓት አይደለም። የአልጋው ባለቤት በኢትዮጵያ ቀን፣ የአይሮፕላኑ ድርጅት በፈረንጅ ቀን ሲመዘግቡ፣ በሁለቱ መካከል አንዲት ሌሊት ልትጠፋ ትችላለች። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን በወረቀት ይጻፉ።

ሦስተኛው ጊዜ ሹዋሊድ ነው። ይህ የሐረሪዎች በዓል የሚከበረው ከረመዳን ቀጥሎ በሸዋል ወር የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም ነው፤ እ. ኤ. አ. በ2023 ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። ይህ በዓል ከቁልቢ የሚለይበት ነገር ቀኑ በጨረቃ መታየት የሚወሰን መሆኑ ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ በዓሉ በየዓመቱ ወደፊት ይመጣል፤ ትክክለኛው ዕለትም እስከ መጨረሻው በአንድ ቀን ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል። ቀኑ ሊለወጥ የማይችል ርካሽ ቲኬት አስቀድሞ የገዛ ሰው በዓሉ ሳይደርስ ወይም ካለፈ በኋላ ሊገኝ ነው። ስለዚህ አልጋውን ከወዲያና ከወዲህ አንድ አንድ ቀን ጨምሮ መያዝ፣ ቲኬቱን ደግሞ ቀን ለመለወጥ የሚፈቅደውን መምረጥ ይገባል።

ከባሕር ማዶ ስለሚመጣው ወገናችንስ ምን እንላለን? ለእርሱ ትልቁ ገንዘብ ያለው በቲኬቱ ላይ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ፈረንጆቹም እኛም በዓል ስላለን ወንበሩ ይወደዳል። ከአሜሪካ የሚነሣ እንደ ሆነ ግን አንድ የሚረዳው ሕግ አለ። ከጉዞው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ በቀጥታ ከአይሮፕላን ድርጅቱ ጋር ቦታ የያዘ ሰው፣ ድርጅቱ ወይ ያለ ክፍያ ለ24 ሰዓት ያቆይለታል፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰርዝ ገንዘቡን ያለ ቅጣት ይመልስለታል። እንግዲህ ቲኬቱን ይያዝና በዚያችው ቀን ሐረር ወይም ድሬዳዋ ደውሎ አልጋውን ያረጋግጥ፤ አልጋው ከታጣ ቲኬቱን ይመልስ።

ከዘመድ ቤት የሚያርፍ ሰው ደግሞ «እኔስ አልጋ አያስፈልገኝም» ይል ይሆናል። አክስቱ ያሉት ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት የሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች በአንዱ፣ በሶፊ፣ ነው እንበል። የዘመድ ቤትም ቢሆን መጠየቅ ይፈልጋል። በበዓል ሰሞን የእርሳቸው ቤት በሌላ እንግዳ ተሞልቶ፣ ወይም እርሳቸው ራሳቸው ወደ ሌላ ዘመድ ሄደው ሊሆን ይችላል። አይሮፕላኑ ወደ ማታ የሚያርፍ ከሆነም ከድሬዳዋ ሐረር፣ ከሐረር ደግሞ ሶፊ በጨለማ መድረስ ለእንግዳውም ለአስተናጋጁም ጭንቅ ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት በከተማ አድሮ በማለዳ መሄድ ይሻላል። ቲኬት ከመግዛት በፊት አንድ ስልክ መደወል አክብሮትም ቁጠባም ነው።

እስካሁን ካየነው አንድ ደንብ እናወጣለን። ቲኬቱን አስቀድመው አልጋው ቢታጣ የሚጠፋው ገንዘብ ስንት ነው? አልጋውን አስቀድመው ወንበሩ ቢታጣ የሚቀረው ቀብድ ስንት ነው? ሁለቱን ያስተያዩና ኪሳራው የሚያንሰውን መንገድ ይምረጡ። ኪሳራቸው ከተቀራረበ፣ ምትክ የሌለው ይቅደም። ከሁሉ በፊት ግን ገንዘብ ሳያወጡ ስለ ሁለቱም በአንድ ቀን ይጠይቁ፤ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ቀብድ ሲሰጡም ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ክፍሉ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅልዎ፣ ሳይመጡ ቢቀሩ ምን ያህሉ እንደሚመለስ አጣርተው ይወቁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

የመልሱንም መንገድ አይርሱ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን እ. ኤ. አ. በጃንዩዋሪ 1855 ሐረር ሲገባ የያዘው ማረፊያ አልነበረውም፤ ቤት የሰጡት አሚር አሕመድ ናቸው። በቆየባቸው 10 ቀኖች ያስጨነቀው የማደሪያው ነገር ሳይሆን በሰላም ወጥቶ የመሄዱ ነገር ነበር። ዛሬ የሐረር በሮች ለእንግዳ ክፍት ናቸው፤ የሚያስጨንቀው ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤት መገኘት ነው። በንግሥ ማግስት ሁሉም አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ፣ የመመለሻው ወንበር ከመሄጃው ይልቅ ይጠፋል። ፈቃድዎ የሚያልቅበትን ቀን ከአለቃዎ በጽሑፍ ሳይቀበሉ አልጋም ቲኬትም አይያዙ፤ በመጀመሪያ የሚያዘው ነገር እርሱ ነውና።