እግር ወለም ሲል፦ ከመታሸቱ በፊት

ውርጌሳም ሆነ መርሳ አካባቢ ከማሽላ ማሳ ሲወርድ እግሩ ወለም ያለው ሰው ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠራለት ወጌሻ ነው። ቅርብ ነው፤ ሰውም ያምነዋል። ችግሩ ወለምታና ስብራት ለዓይን መመሳሰላቸው ነው፤ ሁለቱም ያብጣሉ፣ ይበልዛሉ፣ ያማሉ። የተሰበረን እግር ማሸት ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል።

እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የኦታዋ ሐኪሞች ያወጡት መለያ ለዚህ ይረዳል። በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልተው የወጡትን አጥንቶች ከጫፋቸው እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ በኋላ ጠርዛቸው በኩል በጣት ጫን ይበሉ። ከዚያ በእግሩ የውጭ ጠርዝ፣ በትንሿ ጣትና በተረከዙ መካከል ያለችውን ጉብታ፣ በውስጥ በኩልም ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለውን አጥንት ይጫኑ። አጥንቱ ላይ ካመመ ወይም ሰውየው 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ያስፈልገዋል፤ ወደ ወልድያ ወይም ደሴ ሆስፒታል ይወሰድ። እግሩ ከተጣመመ ወይም አጥንት ከወጣ ምንም ሳይነካኩ ቶሎ ይውሰዱት።

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ የተጎዳው ጅማት ሳይሆን አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ማሸትም ሆነ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ እብጠቱን ይጨምራል። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ እየደጋገሙ ማድረግ ይሻላል። ሕመሙ ጋብ ሲል ቁርጭምጭሚቱን ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስና መራመድ ይጀመራል፤ ብዙ ተኝቶ መክረም መገጣጠሚያውን ያደነድነዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው አጥብቆ ማሰር ነው። ቀርከሃና ጨርቅ የጠበቀበት እግር ሲያብጥ መስፋፊያ ያጣል፤ ደም መዘዋወሩ ይስተጓጎልና ሥጋው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በአገራችን በዚህ ሳቢያ ሕፃናት ጭምር እጅና እግራቸው ተቆርጧል።

ስለዚህ ማንም ያስር ማን፣ ጣቶቹ ከማሰሪያው ውጭ ይታዩ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አድርገው ሲለቁት የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከበረታ፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያውን ወዲያው ፈትተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ወጌሻው ቢቀየምም ነገ ይቅርታ ይጠየቃል፤ የሞተ እግር ግን አይመለስም።