የሙሽራ ጌጥ የሆነው የመበለት ብር

በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት፣ ባሮክ በተባለው የጥበብ ዘመን፣ የኤውሮፓ ነገሥታት ልጆቻቸውን ሲድሩ የሠርግ መታሰቢያ የሚሆን ሜዳይ ማሠራት ልማዳቸው ነበረ። በአንዱ ፊት የሙሽሮቹ መልክ ይቀረጻል፤ በሁለተኛው ፊት ብዙ ጊዜ ከግሪኮችና ከሮማውያን አፈ ታሪክ የተወሰደ ሥዕል ይታያል። የጋብቻ አምላክ የሚባለው ሂሜን ችቦውን አብርቶ፣ ኩፒድም ቀስቱን ይዞ ይቆማሉ። እንዲህ ያለው ሜዳይ በየቤተ መንግሥቱ ሣጥን ይቀመጥ ስለ ነበረ የገበያ ሰው አያውቀውም።

በዚያው ዘመን ጥበብ ተቀርጾ ወደ አገራችን ሠርግ የገባው ግን ጠገራ ብር ነው። በብሩ ላይ የሚታዩት የኦስትርያ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1736 የሎሬኑን መስፍን ፍራንሲስን አግብተው 16 ልጆች ወለዱ። ባላቸው በ1765 ሲሞቱ የኀዘን ልብስ ለበሱ፤ እስኪያርፉም ድረስ አላወለቁትም። ስለዚህ በራሳቸው ላይ የሚታየው መሸፈኛ የሙሽራ ዓይነ ርግብ ሳይሆን የመበለት ሻሽ ነው። በጀርባው ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። ንግሥቲቱ ያረፉበት 1780 የሚለው ዓመትም ከዚያ በኋላ በተመቱት ብሮች ሁሉ ላይ ሳይለወጥ ቀረ።

ተከዜ ሰቲት ተብሎ ወደ ሱዳን የሚገባው በሐምዳይት በኩል ነው። በ1861 እና በ1862 በሰቲትና በአትባራ ዳር የተጓዘው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከር እንደ ጻፈው፣ የዚያ አገር ሰው በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ሰባት ነጥቦች ቈጥሮ ካላገኘ ብሩን አይቀበልም ነበረ።

የጠገራ ብር ክብደት 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። አንጥረኛው ይህን ስለሚያውቅ አቅልጦ መስቀል፣ አምባር፣ ድሪና አልቦ ይሠራበት ነበረ። በ1937 ዓ.ም. የገንዘብ አዋጅ ወጥቶ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲተካው ጠገራው ከመገበያያነት ቢወጣም፣ ከሴቶች አንገትና እጅ አልወረደም።

ጌጡ ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የሴቲቱ የክፉ ቀን ጥሪትም ነው። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ምክንያት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወንዙን ተሻግሮ ሐምዳይት ገባ። ሰው እንዲህ በድንገት ሲሰደድ ቤትና እርሻ ከኋላ ይቀራሉ፤ ወንዝ የሚሻገረው በአንገትና በእጅ ያለው ብቻ ነው።

እንግዲህ በቤቷ የአያቷ ድሪ ያላት እመቤት ለማስቀለጥ ከመቸኰልዋ በፊት፣ ጌጡ በማን ሠርግ እንደ ተሰጠና በየትኛው ክፉ ቀን ተሸጦ እንደ ነበረ ታላላቆችዋን ትጠይቅ። ብሩን በሚዛን ማወቅ ይቻላል፤ ይህን ግን የሚነግሯት እነርሱ ብቻ ናቸው።