ለቦርከና የሚተወው አምስት ሜትር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ከሚሴ ሲገባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኗል። ከከሚሴ እስከ ሐርቡ ተዘርግቶ የሚታየው ሰፊ ሜዳ የጨፋ ሸለቆ ነው። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ ዙሪያ ተራሮች የሰበሰበውን ውኃ ይዞ እዚህ ሲደርስ ይረጋል፣ ይንጣለላል፣ ረግረግ ይሠራል። ከዚያም አዋሽን ሊቀላቀል ወደ አፋር ይወርዳል። በዚህ ሸለቆ መሬቱ ከወንዙ ጋር የሚዋሰን ገበሬ ሁሉ በየዓመቱ የሚወስነው አንድ ነገር አለ፤ ማረሻውን የት ጋ ያቁም?

እስከ ውኃው ጫፍ ማረስ ይችላል። ወይም ከወንዙ ጠርዝ ጥቂት ሜትር ትቶ ሳርና ዛፍ እንዲይዘው ማድረግ ይችላል። ሁለተኛው ምርጫ የወንዝ ዳር ከለላ ይባላል፤ የግብርና ባለሙያዎች «ባፈር» ይሉታል። ስለ ጥቅሙ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለ ውኃ ጥራት፣ ስለ ዓሣና ስለ ወፍ ነው። ገበሬው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ከጎተራው ምን እንደሚጎድል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ እኔም ከዚያው እጀምራለሁ።

በመጀመሪያ የከለላውን አሠራር እንይ። የክረምት ጎርፍ ከማሳው ላይ አፈር ጠርጎ ሲወርድ ጥቅጥቅ ያለ ሳር ካገኘ ፍጥነቱ ይሰበራል፤ ፍጥነቱ ሲሰበር የተሸከመውን ይጥላል። ከባዱ አሸዋና አፈር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይቀራል። ደቃቁ ሸክላና በውኃ የሟሟው ማዳበሪያ ግን ሰፋ ያለ ሳርና ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ። ከመሬት በታች ደግሞ ሥሩ ሁለት ነገር ይሠራል፤ የወንዙን ግድግዳ አፈር ሰብስቦ ይይዛል፣ ከማሳው ሰርጎ ወደ ወንዙ የሚሄደውን ናይትሬትም ይመጠምጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጎርፉ ተዘርግቶ ሲመጣ ነው። በአንድ ቦረቦር ተሰብስቦ የመጣ ጎርፍ ከለላውን በአንድ ቦታ ሰንጥቆት ያልፋል። ከሸለቆው በላይ ካሉት ተራሮች ድንገት የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ ከላይ ተዳፋቱ ላይ እርከን ሳይሠሩ ከታች ወንዝ ዳር ሳር መትከል ግማሽ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። የአንድ ጥማድ መሬት፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ ርዝመቱም ስፋቱም 50 ሜትር ነው እንበል። በአንድ ጎኑ ከወንዝ ይዋሰናል። አምስት ሜትር ከተተወ 250 ካሬ ሜትር፣ የማሳው አንድ አሥረኛ ሄደ። 15 ሜትር ከተተወ 750 ካሬ ሜትር፣ ከአሥር እጅ ሦስቱ ሄደ። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በወንዞችና በሐይቆች ዳር በአማካይ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ያህል፣ ዘላቂ ተክል እንዲኖር ያዛል። አንድ መቶ ሄክታር ያለው፣ ማሳው በአንድ ጎን አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገበሬ ይህን ቢፈጽም የሚቀርበት ከመቶ አንድ ተኩል ብቻ ነው። ያንኑ ስፋት ለጨፋው ገበሬ ማዘዝ የዓመት ቀለቡን መንካት ነው። በሜትር የሚነገር መመሪያ ሁሉ በይዞታ መጠን ካልተመዘነ ድሃውን አብዝቶ ያስከፍላል።

ለዚያውም እስካሁን ያሰላነው ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆነ አድርገን ነው። የሚተወው አምስት ሜትር ግን ከማሳው ምርጡ ነው። ዝናብ ሲያቆም፣ ሌላው መሬት ሲሰነጣጠቅ፣ እርጥበት አድሮ የሚገኘው እዚያው ወንዝ ዳር ነው። ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ሽንኩርት ለመትከልም ሆነ ቶሎ የሚደርሰውን ማሾ ለመዝራት የሚመረጠው እሱ ነው። ሞተር ያለውም ውኃ ስቦ መጀመሪያ የሚያጠጣው የቅርቡን መደብ ነው። «ትንሽ መሬት ነው፣ ተወው» የሚል ባለሙያ ይህን ሳያይ ከተናገረ ገበሬው ባይሰማው አይፈረድበትም።

በሌላ በኩል ያ ምርጥ መሬት በጣም የሚያሰጋውም ነው። የቦርከና ዳርቻ ሥር የሌለው ልል ደለል ሲሆን የነሐሴ ሙላት ከሥሩ ይቦረቡረዋል፤ ውኃው ሲጎድልም ከላይ ያለው ይናዳል። ወንዙ በየክረምቱ ግማሽ ሜትር ብቻ ቢበላ ከዚያ የ50 ሜትር ዳርቻ በዓመት 25 ካሬ ሜትር ይሄዳል። በአሥር ዓመት 250 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ለከለላው ይተው የተባለው መሬት ልክ ነው። ልዩነቱ ወንዝ የወሰደው አይመለስም፣ ሳር አይታጨድበትም፣ ለልጅም አይወረስም። ወንዙ ወደ ማሳው በሚታጠፍበት ጎን መሬት ላለው ሰው እንግዲህ ስሌቱ ቀላል ነው። ወንዙ ደለል እየጣለ በሚሸሽበት በማዶው ላለው ግን ይህ ምክንያት አይሠራም፤ ለእሱ ሌላ ጥቅም መገኘት አለበት።

ያ ጥቅም መኖ ነው ብዬ አምናለሁ። በወሎ ቆላ ከብት በበጋ የሚኖረው በማሽላ አገዳና በገለባ ነው፤ ሁለቱም ሆድ ይሞላሉ እንጂ ሥጋ አያስይዙም። ወንዝ ዳር የተተከለ የዝሆን ሳር ግን እርጥበቱን ተጠቅሞ በዓመት ደጋግሞ ይታጨዳል፤ በተለይ እርጥብ ሳር በሚጠፋባቸው ወራት። ሰስባኒያ ወይም የእርግብ አተር ሲታከልበት መኖው በፕሮቲን ይጠነክራል። በሬ የሚያደልብ ወይም የምታለብ ላም ያለው ቤተሰብ ከአንድ አሥረኛ ጥማድ የሚያገኘው መኖ የተወውን ማሽላ ሊተካለት ይችላል፤ ድልቡን ወደ ባቲ ወይም ወደ ሰንበቴ ገበያ ነድቶ በጥሩ ዋጋ ይሸጣልና። ከብት የሌላት፣ መሬቷን በእኩል የምታሳርስ እናት ግን ሳሩን የምትሸጥበት ገበያ በቅርቧ ካላገኘች ከለላው ለእሷ ኪሳራ ነው።

የተክሉ ምርጫም ሒሳቡን ይለውጠዋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከሕንድ ወደ ጅማ የምርምር ማዕከል የገባው ቬቲቨር ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ አፈር በመያዝ ወደር የለውም፤ ከብት ግን የጎለመሰ ቅጠሉን አይወደውም። ልቅ ግጦሽ ባለበት ቦታ ይህ ጉድለቱ በጎ ነው፤ ሳይበላ ይተርፋልና። ከጨንቻ ደጋ የተስፋፋው ደሾ በተቃራኒው ጥሩ መኖ ሆኖ ለልቅ ከብት የተጋለጠ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ስለሚሆን ብዙ ወንዝ ዳር ተተክሏል፤ ሥሩ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ያለው መሬት ደግሞ ራቁቱን ስለሚቀር ጎርፉን የሚያስቆም ሳር አይኖርም። እኔ እንደ ከለላ አልቆጥረውም። ዋንዛ፣ ሾላና ዶቅማ ቢዘገዩም ከሥራቸው ሳር ያሳድጋሉ፤ ጥላቸው ወደ ማሳው እንዳይወድቅ አራርቆ መትከል ብቻ ነው።

አንድ ሥጋት ደግሞ በዚህ አካባቢ በቁም ነገር ሊወሰድ ይገባል፤ ግሪሳ ወፍ። ግሪሳ በጥቅጥቅ ፊላ፣ በሸንበቆና በግራር ቁጥቋጦ ውስጥ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ ማሽላው ይወርዳል። ማሽላ ዋና ቀለብ በሆነበት ሸለቆ ወንዝ ዳር ጫካ እንዲሆን የሚመክር ሰው ገበሬው ቀኑን ሙሉ በማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ እንዲውል እየመከረ መሆኑን ማወቅ አለበት። በየጊዜው የሚታጨድ ዝቅተኛ ሳርና የተራራቀ ዛፍ ለግሪሳ ማደሪያ አይመችም። ይህም ከለላውን ከልሎ ከመተው ይልቅ አጭዶ መጠቀም የሚሻልበት ሌላ ምክንያት ነው።

ስለ አፈር መከላት ከምናውቀው ጥቂት የማይባለው የተለካው ከጨፋ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። ከደሴ በስተ ደቡብ ባለችው ማይባር በ1981 እ.ኤ.አ. የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመጀመሪያ ጣቢያው ተከፈተ፤ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ አብረው የሠሩበት ነው። ሥራውን የመራው ሃንስ ሁርኒ ከኢትዮጵያ ደጋማ የእርሻ መሬት በሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። በጥማድ ሲሰላ ከ10 ቶን በላይ ነው። ያ አፈር ባዶውን አይሄድም፤ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ገበሬው ከቀለቡ ቀንሶ ወይም ተበድሮ የገዛውን ማዳበሪያም ይዞ ይሄዳል።

ከዚሁ ፕሮግራም ጣቢያዎች የወጣ ሌላ ውጤት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ካርል ሄርቬግና ኤቫ ሉዲ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሙከራ ማሳዎች ላይ የሳር መስመርም ሆነ እርከን የአፈር መከላትን በእጅጉ እንደቀነሰ፣ ምርት ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዳልጨመረ አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ መስመሩና እርከኑ የያዙት መሬት ነው። ይህን መደበቅ ገበሬውን ማታለል ነው። «ምርትህ በሚቀጥለው ዓመት ይጨምራል» ተብሎ ሳር የተከለ ሰው በሦስተኛው ዓመት ቢነቅለው ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ታዲያ ጥቅሙ ማን ጋ ሄደ? ትልቁ ድርሻ ወደ ታች ወረደ። ቦይ የሚጠርጉት የታችኞቹ መስኖ ተጠቃሚዎች ደለሉ ሲቀንስ ጉልበት ይተርፋቸዋል። አዋሽ ላይ በአፋር የተሠራው የተንዳሆ ግድብም ከላይ የሚመጣው ደለል በቀነሰ መጠን ዕድሜው ይረዝማል። ከፋዩ ላይ ነው፣ ተጠቃሚው ታች ነው፤ በመካከላቸው ግን ውል የለም። ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት በተለያየ መንገድ ሞክረውታል። ዴንማርክ በ2012 እ.ኤ.አ. በወንዞች ዳር 10 ሜትር እንዳይታረስ በሕግ አዘዘች፤ ገበሬዎች አጥብቀው ተቃወሙ፣ ስፋቱ ወደ 9 ሜትር ወረደ፣ በ2016 ሕጉ ራሱ ተሻረ። አሜሪካ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ፕሮግራም መንግሥት እንደ ተከራይ ሆኖ ለገበሬው ከ10 እስከ 15 ዓመት የመሬቱን ኪራይ ይከፍላል። እዚሁ አገራችንም በወላይታ ሁምቦ 2,700 ሄክታር ያህል ተራራ ከልለው ደኑ እንዲያገግም ያደረጉ ማኅበራት ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብ አግኝተዋል። መክፈል ይቻላል ማለት ነው።

በጨፋ ቅርቡ የክፍያ መንገድ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ይመስለኛል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ፕሮግራም የሚታቀፉ ሰዎች በማኅበረሰብ ሥራ እርከን ሲሠሩና ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖረዋል። ያ ጉልበት ወንዝ ዳር ሳር ለመትከልና ለመንከባከብ ቢውል የመትከያው ወጪ ከባለመሬቱ ትከሻ ይወርዳል። የይዞታ ነገርም መስተካከል አለበት። የክልሉ የመሬት ሕግ መሬቱን ሳይሠራበት የተወ ሰው ይዞታውን ሊያጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ሳር የያዘው ዳርቻ እንደተሠራበት መሬት መቆጠሩ፣ ሳሩም የባለ ደብተሩ መሆኑ በጽሑፍ ሊሰፍርለት ይገባል። ያለዚያ ገበሬው ከወንዙ ይልቅ ቀበሌውን ይፈራል።

የገበሬው ሳር የማይመልሰውም ጉዳይ አለ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የፋብሪካዎቿ ፍሳሽ በወርቃና በለዮሌ ወንዞች በኩል ቦርከና ይገባል። በቱቦ ገብቶ በወንዙ ውስጥ የሚወርድን ነገር ዳር ላይ የቆመ ተክል አያጣራውም። ገበሬውን ዳርቻህን ልቀቅ ብሎ ቱቦውን ዝም ማለት ፍትሕ አይደለም።

ይህን ሁሉ ከማሳ ጠርዝ ብቻ ካየነው ደግሞ የሸለቆው ትልቁ ከለላ ይቀርብናል። የጨፋ ረግረግ ራሱ ቦርከናን የሚያቆምና የሚያጣራ ከለላ ነው፤ የኢኮኖሚ ዋጋውም በድርቅ ጊዜ በግልጽ ታይቷል። በ2002 እ.ኤ.አ. ድርቅ የተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ባወጣው ዘገባ 50,000 አርብቶ አደሮችና 200,000 እንስሳት በጨፋ ሸለቆ ተጠግተው ነበር። የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት በአንድ ሣር ላይ ነበር። ያን ዓመት ያ ሳር ታርሶ ቢሆን ኖሮ የሚጠፋውን የከብት ሀብት ማንም የመስኖ ማሳ አይተካውም ነበር። ሆኖም ረግረጉ በየዓመቱ እየተቦየና እየታረሰ ይጠብባል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በጨፋ ወፎችና የውኃ ነፍሳት ላይ የወጣ ጥናትም እርሻ፣ ግጦሽና ውኃ ማንጣፈፍ የረግረጉን ሕይወት እንዴት እንዳዳከሙት አሳይቷል።

ስለዚህ በማሳ ዳር የሚተከል ሳር ሁሉ በበጋ ወደ ሸለቆው ከሚመጣው የአርብቶ አደር ከብት ጋር መስማማት አለበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ መተላለፊያ የታጠረ ከለላ ውኃ የጠማውን መንጋ በማሳ ላይ እንዲያልፍ ያስገድደዋል፤ ጠቡም ከዚያ ይነሣል። የሚሻለው በየተወሰነው ርቀት የከብት መውረጃ በድንጋይ አንጥፎ መተው፣ ሳሩ የሚታጨድበትንና ዳርቻው ለግጦሽ የሚከፈትበትን ወር ደግሞ የገበሬውና የአርብቶ አደሩ ሽማግሌዎች ከጥር በፊት ተቀምጠው እንዲቆርጡ ማድረግ ነው። መውረጃው የሚወስደው መሬትም ከአንድ ሰው ማሳ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቶቹም ተዋጥቶ ይታሰብለት።