ክር የተሰፋበት ቅጠል

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የብራና መጻሕፍት ስመዘግብና ስጠግን፣ የድሮ ዳዊት ያለው ሰው መጀመሪያ የሚገልጥልኝ ሥዕሉን ነው። እኔ ግን የቅጠሉን ዳር አያለሁ። ቀይ ወይም ሰማያዊ ክር ተሰፍቶበት ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያ ሥዕል አለ፣ ወይም ነበረ።

ዳዊት 150 መዝሙሩ በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ንጉሡን ከንጉሥ ሐረግ በሚባለው የቀለም ጌጥ ይለያል፤ አቅም ወይም ጊዜ ካጠረው ቀይና ጥቁር ነጥብ ደርድሮ ያልፋል። ሰኞ ሦስት ንጉሥ የሚደግሙ አባት የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያቆሙ የሚያውቁት በእሱ ነው። ሐረግን ጌጥ ብቻ ማለት ስለዚህ አይዋጥልኝም፤ የንባብ መሣሪያ ነው።

በሌላ አገርም ተመሳሳይ ልማድ ነበር፤ በ15ኛው መቶ ዘመን በፍላንደርስ፣ በዛሬዋ ቤልጂየም፣ የብሩዥና የጌንት ሠዓልያን የሰዓታት ጸሎት መጽሐፍ ለገበያ ጭምር ያዘጋጁ ነበር። ኅዳጉን ወርቅ ቀብተው አበባ፣ ዝንብና ቢራቢሮ ይበትኑበታል። የእኛ ሐረግ ወርቅ ብዙም አያውቅም፤ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ የተጠላለፈ መስመር ነው። ሥራቸው ግን ይገናኛል፦ ጸሎቱ የሚጀመርበትን ያመለክታሉ። ብሩዥ ውስጥ ሥዕሉ ለብቻው ቅጠል ላይ ተሥሎ የሚጨመርበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ኋላም ሥዕሉን ቆርጦ ለሚወስድ ቢላ ተመቸ።

ይፋት ላይ ነገሩ በክርስቲያኑ ቤት አያበቃም። በ1465 እ.ኤ.አ. ያረፈው ሞሮኳዊው አል-ጀዙሊ ያዘጋጀው ዳላኢል አል-ኸይራት የተባለው የሶለዋት (በነቢዩ ላይ የሚደረግ ጸሎት) መጽሐፍ በአገራችን ሙስሊሞችም ዘንድ በእጅ እየተገለበጠ ኖሯል። ሶለዋቱ እንደ ውዳሴ ማርያም በሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ በእጅ የተጻፉት ቅጂዎችም ክፍሉን ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ይለያሉ። ጎን ለጎን አስቀምጦ ላያቸው የጸሐፊዎቹ ጭንቀት አንድ ነው።

የቆላው ችግር ሙቀቱ ነው። ብራና ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይረግፋል። ከዚህ የባሰው ፌስታል ነው! «ከአቧራ ልጠብቀው» ተብሎ የታሰረበት መጽሐፍ ውስጡ ያልበዋል፣ ሥዕሉም ከፊት ለፊቱ ቅጠል ጋር ይጣበቃል። አያቶቻችን የሠሩለት የቆዳ ማኅደር ይተነፍሳል፤ ከቆርቆሮው ክዳን ራቅ ብሎ ይሰቀል እንጂ ሌላ ልብስ አያሻውም።

ቢላ ያለፈበትን ግን ማኅደር አያድነውም። ሥዕሉ ሲቆረጥ በስፌቱ በኩል የጣት ስፋት ያላት ቁራጭ ትቀራለች። ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚታጠፉ በጥራዙ ማዶ ያለችው እህቷ መያዣዋ ይላላል፤ ከጊዜ በኋላ እሷም ልትወድቅ ትችላለች፣ ከነጸሎቷ። ገዢው አንድ ሥዕል ወሰደ፤ መጽሐፉ ግን ሁለት ቅጠል ሊያጣ ይችላል።

«ሥዕሉን ብቻ ሽጡልኝ» የሚል ደላላ ከመጣ አታስገቡት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል፤ ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ዛሬውኑ አስታውቁ።