የቅንጣት ሒሳብ በአክሲዮን ገበያ

ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ተነስቶ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል አራት ኪሎ ለመድረስ ብዙ መንገድ የለም። ፒያሳ ላይ ገዢው የዛሬውን የግራም ዋጋ ጠይቆ የነገውን ያሰላስላል፤ አራት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ደግሞ ስታቲስቲካል ፊዚክስ ይጠናል። የሁለቱ ሒሳብ ዝምድና አለው።

ስታቲስቲካል ፊዚክስ እያንዳንዷን ሞለኪውል ልከተል አይልም፤ አይችልምም። የብዙዎቹን የጋራ ጠባይ ይፈልጋል። በዚህ ዘርፍ በአገራችን ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በሙቀት ምክንያት ወዲያና ወዲህ የምትላጋ ቅንጣት እንዴት ሥራ ልትሠራ እንደምትችል መርምረዋል። በደርግ ዘመን ታስረው እስር ቤት ውስጥም ያስተምሩ የነበሩት እኚህ ምሁር በ2012 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ተቀብለዋል።

የቅንጣቷ ሒሳብ አስቀድሞ የተጻፈው ግን ለገበያ ነበር። ሉዊ ባሼሊዬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1900 እ.ኤ.አ. ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ የሰነዶች ዋጋ በየቅጽበቱ በዕድል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንደሚራመድ አሰበ። አንስታይን ተመሳሳዩን ቀመር ለቅንጣቶች ያወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1905 ነው። አጋጣሚው ያስገርማል፤ በዚያው ዓመት ምኒልክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ተዋውለው የአቢሲኒያ ባንክ ተመሠረተ። የባንኩ አክሲዮንም በአገራችን ተሽጧል።

የባሼሊዬ ሐሳብ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ከፍተኛ መናወጥን ከቁጥር አያስገባም። ጥቅምት 19 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩ የዳው ጆንስ መለኪያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወረደ። በድሮው ቀመር ከሄድን፣ እንዲህ ያለ ቀን ጽንፈ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ አንዴ እንኳ መድረስ አልነበረበትም። ፊዚክስ አዋቂዎች ገበያው ውስጥ በብዛት የገቡት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የቦስተኑ ዩጂን ስታንሊና ባልደረቦቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የዋጋ መዝገቦችን መርምረው፣ የለውጡ መጠን በእጥፍ ባደገ ቁጥር የመከሰት ዕድሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አገኙ። ብርቅ ነው እንጂ የማይሆን አይደለም ማለት ነው። መንስኤውን ለማስረዳት አንዳንዶች የማግኔትን ሞዴል ተዋሱ፤ አቶሞች ወደ ጎረቤታቸው እንደሚዞሩ ሁሉ፣ ነጋዴም ሌላው ሲሸጥ አይቶ ይሸጣል።

ታዲያ ይህ ሒሳብ የነገን ዋጋ ይነግረናል? አይነግረንም። ቀመሩ የሚመዝነው የአደጋውን መጠን እንጂ የሚመጣበትን ቀን አይደለም። ቀኑን እናውቃለን የሚሉ ሰዎችን ጠርጥሮ ማዳመጥ ይበጃል። ቅንጣት ስለራሷ የተነገረውን ትንበያ አትሰማም፤ ባለአክሲዮን ግን ሰምቶ ይሮጣል፣ በዚህም ትንበያውን ራሱ ያፈርሰዋል።

በእኛ ዘንድ ደግሞ መረጃው ገና ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን ይገበያይ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ባንኮችና ኩባንያዎች ሲወረሱ ያ ሁሉ ቀረ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳሚው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። እንዲህ አጭር በሆነ መዝገብ ላይ የስታንሊን ዓይነት ጥናት ማካሄድ አይቻልም።

የሒሳብ ሊቁ ቤኑዋ ማንደልብሮት ግን በ1963 እ.ኤ.አ. የዋጋን ድንገተኛ ዝላይ ያስተዋለው በአክሲዮን ሳይሆን በጥጥ ነው። ለኢትዮጵያ ተመራማሪም በቅርብ ያለው ረጅም መዝገብ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚሸጠው ቡና ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች በየዕለቱ የሚለጥፉት የውጭ ምንዛሪ ተመንም ሊጨመርበት ይችላል።